ባለ ሞላ ራቼት፦ ተጎታች ላይ እስከ ምን ድረስ ይታመናል?

ሁለት ጎማ

ሰላም ለቤቱ። ባለ አንድ አክስል ትንሽ ተጎታች አለችኝ። የምጭንባት ሞተር ሳይክል፣ ጄኔሬተር፣ አንዳንዴ ደግሞ ጣውላ ነው። እስካሁን የማስረው በተለመደው ራቼት ነው፤ እጀታውን ስትመታ በጥርስ እየቆለፈ ቀበቶውን የሚያከርረው ማለቴ ነው። ማሰሩ አላስቸገረኝም፤ ያማረረኝ የሚተርፈው ቀበቶ ነው። ጠቅልዬ እሸጉጠዋለሁ፣ መንገድ ላይ ይፈታል፣ ከዚያ እስክደርስ ድረስ ጎኑን ሲገርፈው እሰማለሁ።

አሁን ቀበቶውን በሞላ ራሱ ወደ ውስጥ የሚጠቀልለውን ዓይነት ልገዛ አስቤያለሁ። ቁልፉን ተጭነህ ትስባለህ፣ መንጠቆውን ታያይዛለህ፣ እንደገና ስትጫነው ልሉን ይሰበስባል፣ ከዚያ እጀታውን መምታት ብቻ። ትርፍ የሚባል ነገር የለም።

የምጠይቃችሁ፦ በጥንካሬ ከተለመደው ያንሳል ወይ? ሁሉንም በሱ ብቀይርስ? ተጎታቹ ላይ በቡሎን የሚጠብቀውን ዓይነት የሞከረ ካለም ይንገረኝ።

ባሌስትራ

ሁለት ጎማ፣ ምቾቱን ማንም አይክድም። እኔም አለኝ፣ እወደዋለሁ። ግን ሞላውና ራቼቱ የየራሳቸው ሥራ እንዳላቸው ይያዝልን። ሞላው ልሉን ይሰበስባል፣ በቃ። ጭነት የሚይዘው የራቼቱ ጥርስና ጥርሱን የሚቆልፈው ምላስ ነው። ሞላው ስቦት ቀበቶው ቀጥ ሲል ለዓይን የታሰረ ይመስላል። በጣትህ ጫን አድርገው፤ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይረግባል። እጀታውን ደጋግመህ መትተህ እስኪከርር ድረስ ጭነትህ አልታሰረም።

ጥንካሬውን የምታውቀው ቀበቶው ላይ ከተሰፋው መለያ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አለ። ትልቁ የመበጠሻው ነው። ትንሹ የሥራ ልኩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የመበጠሻው ሲሶ። አንተን የሚመለከትህ ትንሹ ነው። 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ባለ ሞላዎች ላይ በብዛት የሚታየው መበጠሻ 1,500 ፓውንድ፣ የሥራ ልክ 500 ፓውንድ የሚል ነው። 500 ፓውንድ ማለት 227 ኪሎ አካባቢ ነው። 50 ሚሊ ሜትር የሆነው የተለመደው ከባድ ራቼት ደግሞ መበጠሻው 10,000፣ የሥራ ልኩ 3,333 ፓውንድ ይሆናል። ይህ 1,500 ኪሎ ገደማ ነው።

ስለዚህ ያንሳል ወይ ላልከው፣ በአሠራሩ አያንስም። ገበያው ላይ የበዛው ግን ቀጭኑ ነው። ወፍራም ባለ ሞላም አለ፤ ከበድ ይላል፣ ቦታም ይይዛል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የትኛው ቁጥር እንደሆነ መቼም አይጠፋህም።

መለያ የሌለው ቀበቶ ጭነት ላይ አይውልም። መለያው የማይነበበውም ያው ነው።

ቡሎን 12

በቡሎን ስለሚጠብቀው እኔ ልመልስ። ጥሩ ነው፣ በተለይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጭነት ለሚጭን ሰው። ማታ በጨለማ ቀበቶ ፍለጋ ሳጥን መበርበር ይቀራል።

ሰው የሚረሳው ራቼቱ የተቀመጠበትን ቦታ ነው። ራቼቱ 500 ኪሎ ይችላል እንበል፤ ላሜራውስ ይችላል? ስስ ላሜራ በስተህ ሮንዴላ ብቻ ብታደርግበት፣ ፍሬን ስትይዝ ቡሎኑ ላሜራውን ቀድዶ ይወጣል። ወደ ሻንሲው ብረት ተጠጋ። እዚያ ካልደረሰልህ ከሥር ወፈር ያለ ጠፍጣፋ ብረት አድርግለት። ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለው ይሁን፣ ተራው ዳዶ በንዝረት ይፈታል። ቡሎኑ ጭንቅላት ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት ፈልግ። ምልክት የሌለው ለበር ማጠፊያ ይሁን።

ሌላው አቅጣጫ ነው። ራቼቱ ቀበቶው ወደሚሳብበት መዞር አለበት። ወደ ጎን ከተሳበ ቀበቶው ጥቅልሉ ላይ በአንድ በኩል ይከመራል፣ ጠርዙም ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ይበላል። ስለዚህ ከመብሳትህ በፊት ዕቃውን ጫን፣ ቀበቶውን በእጅህ ዘርጋና መስመሩን እየው። ቀዳዳውን ከዚያ በኋላ።

ብየዳ የሚያስብ ካለ ደግሞ፣ ቀበቶው ፖሊስተር ነው። 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊትም ጥንካሬውን ያጣል። የብየዳ ፍንጣሪ ያረፈበት ቀበቶ ይጣላል።

ሸራና ሰንሰለት

ሁላችሁም ስለ ቀበቶው ታወራላችሁ፤ ወለሉንስ ማን ያንሳው? ክፍት ካሶኒ ነው የምነዳው፣ እንጀራዬ ማሰር ነው፤ ትንሽ ሒሳብ ልሥራላችሁ።

በአሜሪካም በአውሮፓም ደንብ ጭነት የሚታሰረው ወደ ፊት የክብደቱን 0.8፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 0.5 የሚሆን ኃይል እንዲቋቋም ነው። ወደ ፊት የሚበልጠው በፍሬን ምክንያት ነው። 600 ኪሎ ዕቃ ጫናችሁ እንበል። ፍሬን ስትይዙ ወደ ፊት 480 ኪሎ ያህል ይገፋል።

አሁን ቀበቶውን ከላይ አሻግራችሁ ግራና ቀኝ ወደ ታች አሰራችሁት። እዚህ ላይ ቀበቶው ዕቃውን አይዘውም፤ ወለሉ ላይ ይጫነዋል እንጂ። የሚይዘው ፍትጊያው ነው። ወለሉ ለስላሳ ከሆነና ፍትጊያው 0.3 ከሆነ፣ ዕቃው በራሱ ክብደት 180 ይይዛል። 300 ይጎድላል።

ቀበቶው ስንቱን ይሞላል? የአውሮፓ መለያ ላይ (ኢኤን 12195-2 የሚባለው ደረጃ) ሁለት ነገር ተለይቶ ይጻፋል። ኤል.ሲ. የሚለው ቀበቶው የሚችለው ነው። ኤስ.ቲ.ኤፍ. የሚለው ደግሞ በእጅህ 50 ኪሎ ያህል ኃይል ተጠቅመህ እጀታውን ስትመታ ቀበቶው ላይ የሚቀረው ውጥረት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም ያንሳል። ሰው ግን የመጀመሪያውን አይቶ ይገዛል። ከላይ አሻግራችሁ ስታስሩ የሚሠራላችሁ ሁለተኛው ነው።

ኤስ.ቲ.ኤፍ. 150 ነው እንበል። ግራና ቀኝ ስለሚወርድ ወደ ታች 300 ይጫናል። የዚያ 0.3ው 90 ነው። የጎደለው 300 ስለሆነ አራት ቀበቶ ፈለገ ማለት ነው።

ከዕቃው ሥር የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ አሁን። ፍትጊያው 0.6 ይደርሳል። ዕቃው በራሱ 360 ይይዛል፣ የሚጎድለው 120 ብቻ ነው፣ አንዱ ቀበቶ ደግሞ 180 ይሰጣል። በሒሳብ አንድ በቃ። እኔ ግን በአንድ ቀበቶ ከቦታዬ አልነቃነቅም፤ እሱ ቢላላ ምን ይቀረኛል?

ይሄ ቀለል ያለው ሒሳብ ነው። ቀበቶው ቀጥ ብሎ ካልወረደ ይቀንሳል። ከወለሉ ጋር 30 ዲግሪ ከሠራ ወደ ታች የሚጫነው ግማሹ ብቻ ነው። ደግሞ እጀታው ካለበት ጎን ማዶ ያለው ሁልጊዜ ላላ ይላል፣ ማዕዘኑ ላይ ፍትጊያ ስለሚበላው። ለዚህ ነው እጀታዎቹን አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ የምናቀያይረው። ባለ ሞላውን በቡሎን ሁሉንም በአንድ ጎን የደረደረ ሰው ይህን ዕድል አጥቷል።

ዕቃው የፊት ስፖንዳውን ተደግፎ ቢቆም ደግሞ ግማሹ ሥራ አለቀ። ክብደቱ ግን ተጎታቹ አፍንጫ ላይ እንዳይበዛ እዩ።

ሁለት ጎማ

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጎማ ምንጣፉን ነገር ከዚህ በፊት ማንም አልነገረኝም። ሰው ሁሉ «ሌላ ቀበቶ ጨምር» ነው የሚለው።

ጄኔሬተሩ ገባኝ። ሞተር ሳይክሉስ? እሱ ከላይ አይሻገርም።

አሞርዛተር

ሞተር ላይ ባለ ሞላው ጌታ ነው። ብቻህን ስትሆን በአንድ እጅ ሞተሩን ይዘህ በሌላው ልሉን ትሰበስባለህ። በተለመደው ራቼት ግን ቀበቶውን በቀዳዳው ለማስገባት ሁለቱም እጅ ያስፈልጋል፣ ሞተሩን ደግሞ ሰው ይያዝልህ።

አራት ቀበቶ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፣ ሁሉም ወደ ውጭና ወደ ታች ከፈት ብለው። የፊቶቹ ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ወደ ኋላ ይሳቡ። የፊት ጎማውን የሚነክስ ማቆሚያ ካለህ አድርግ። የጎን እግሩን እጠፍ፤ በሱ ተደግፎ አይታሰርም።

መንጠቆውን መሪው ላይ በቀጥታ አትስቀል። ለስለስ ያለ የቀበቶ ቀለበት አለ፣ እሱን የፊት ሁለቱን ቱቦ አቅፎ በሚይዘው በታችኛው ብረት ዙሪያ አጥልቅና መንጠቆውን እዚያ ላይ አድርግ። ኬብልና የፍሬን ቱቦ መሀል እንዳይገባ አይተህ።

ስታከር የፊት አሞርዛተሩን እስከ መጨረሻው አታስተኛው፤ ግማሽ መንገድ ገደማ ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ከተኛ የዘይት ማኅተሙን ታስጨንቀዋለህ፣ ጉድጓድ ስትመታም የሚተነፍስበት አይኖረውም።

ዋናው ግን መንጠቆው ነው። ጉድጓድ ላይ ሞተሩ ለቅጽበት ዝቅ ይላል፣ ቀበቶው ይላላል፣ ክፍት መንጠቆ በዚያች ቅጽበት ሾልኮ ይወድቃል። የተቆለፈ ራቼት ልሉን ተከትሎ አይሰበስብልህም፤ ሞላው የሚሠራው ቁልፉ ሲጫን ነው። ስለዚህ አፉ ላይ መዝጊያ ምላስ ያለው መንጠቆ ግዛ።

ገመድ ይበቃል

አባቶቻችን በገመድ አስረው ስንቱን ጭነት አደረሱ። አሁን ሞላ፣ ቁልፍ፣ መለያ፣ ሒሳብ። ገመድ የማሰር ችሎታ ጠፍቶ ነው እንጂ።

ባሌስትራ

ወንድሜ፣ ችሎታውን አከብራለሁ። ጥሩ አሳሪ በገመድ የሚሠራውን አውቃለሁ። ግን ቋጠሮ ያለበት ገመድ ቋጠሮው ላይ ብዙ ጥንካሬውን ያጣል፤ ለዚህም ነው ቀበቶ ላይ ቋጠሮ የሚከለከለው። ናይለን ገመድ ደግሞ ይለጠጣል፣ ዝናብ ሲመታው ይብስበታል። ፖሊስተር የተመረጠው ብዙ ስለማይለጠጥ ነው። በአውሮፓ መለያዎች ፖሊስተሩ ሰማያዊ ነው፣ ናይለኑ አረንጓዴ፣ ፖሊፕሮፒሊኑ ቡናማ። መለያው ሰማያዊ ከሆነ ምን እንደያዝክ ታውቃለህ።

ገመድህን ሸራ ለማሰር አስቀምጠው፤ እዚያ ላይ ማንም አይስተካከለውም።

ጥቅልል

እስካሁን ያልተነሳ አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ ባለ ሞላዎች ላይ ያልተጠቀምክበት ቀበቶ የሚቀረው ራቼቱ በሚዞርበት ዘንግ ላይ ነው። 3 ሜትር ከሆነው ቀበቶ 1 ሜትር ብቻ ስበህ ካሰርክ፣ ሁለቱ ሜትር ዘንጉ ላይ ተጠቅልሎ ይቀራል። ጥቅልሉ ሲወፍር ምን ይሆናል? እጀታው ያው እጀታ ነው፣ ክንድህም ያው ክንድ ነው። ግን ቀበቶው የሚሳበው ከዘንጉ መሀል ራቅ ካለ ቦታ ስለሆነ፣ በአንድ ምት የሚያገኘው ጉልበት ይቀንሳል። ጥቅልሉ በእጥፍ ቢወፍር ውጥረቱ በግማሽ ይወርዳል። በእጅ ስትመታው የከረረ ይመስልሃል፣ ቀበቶውን ስትነካው ግን ላላ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዘንጉ ላይ ጥቂት ዙር ብቻ እስኪቀር ድረስ ቀበቶው ብዙው ወጥቶ የሚታሰርበትን ቦታ ምረጥ። በተገላቢጦሹም ሙልጭ ብሎ አይውጣ።

የሁለት ጎማ ጣውላ ላይ ስንመጣ ደግሞ ርዝመቱ ያጥራል። ባለ ሞላዎቹ በብዛት 1.8 ወይም 3 ሜትር አካባቢ ናቸው። ከፍ ያለ የጣውላ ክምር ላይ ከጎን ወደ ጎን አሻግሬ ልሰር ካልክ አይደርስልህም። ሁለት ቀበቶ ቀጥዬ ልሰር የሚለው ሐሳብ ደግሞ ይቅር፤ መሀሉ ላይ መንጠቆ ከመንጠቆ ጋር እየተፋጨ ነው የሚሄደው። ለጣውላ የድሮውን ረጅሙን ራቼት አትጣለው።

ሸራና ሰንሰለት

ጥቅልል ያልከው ልክ ነው። ጣውላ ላይ ሌላም ጨምርበት፤ እንጨት መንገድ ላይ ይደላደላል። ሲነሳ የከረረው ቀበቶ ትንሽ ከተኬደ በኋላ ይላላል። ማዕዘኑም ቀበቶውን ይበላዋል፣ በተለይ አዲስ የተሰነጠቀ ጣውላና የብረት ጠርዝ። ከሥሩ የማዕዘን መከላከያ ፕላስቲክ፣ ከጠፋም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አድርግ። ቀበቶውን የሚገድለው ስለት ነው፤ ክብደት ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

አዲስ ገባ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ገባሁ። የኔ ባለ ሞላ ከጥቂት ወራት በኋላ ቀበቶውን መሰብሰብ እንቢ ብሏል። ግማሽ መንገድ ይመጣና ይቆማል። ዘይት ልጨምርበት?

ባሌስትራ

ዘይት አይሆንም! አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆንብሃል፣ ቀበቶውንም ያበላሸዋል። መጀመሪያ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳበውና ዘርጋው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሞላው ጋ አይደለም። ቀበቶው ተጣሞ ገብቷል ወይም ጭቃ ይዞ ወፍሯል። በውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠበው፣ ጥላ ሥር ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ከዚያ በእጅህ እየመራህ ቀጥ አድርገህ አስገባው። የራቼቱ መዞሪያ ላይ ብቻ ደረቅ ቅባት በትንሹ ብትነፋ ችግር የለውም።

ከዚህ በኋላም ቢቆም ሞላው ዝጓል ወይም ተሰብሯል። ቤቱን ከፍተህ ለመጠገን አትሞክር፤ ተጠቅልሎ የታመቀ ሞላ ሲፈታ ፊት ላይ ነው የሚመጣው።

እግረ መንገዴን ለሁላችሁም፦ የባለ ሞላው ትልቁ ድክመቱ መደበቁ ነው። የተለመደው ቀበቶ እያንዳንዱ ክንድ በእጅህ ያልፋል፣ ብልሽቱን ታያለህ። ባለ ሞላው ግን የተቆረጠውን ጠርዝ ሆዱ ውስጥ ይዞ ይቀመጣል። እርጥብ ካስገባኸውም እዚያው ይሻግታል። ሲሚንቶና ኖራ ከነካው በቶሎ አጥበው፤ ፖሊስተር እንዲህ ያለውን አልካሊ አይወድም። አልፎ አልፎ ሙሉውን አውጥተህ በሁለቱም ፊት እየው። የተቆረጠ፣ የተቃጠለ፣ ስፌቱ የተፈታ ወይም በፀሐይ ነጥቶ የደረቀ ከሆነ ይለወጣል።

የሌሊት ተጓዥ

ሸራና ሰንሰለት ያነሳችው የመላላት ነገር በአሜሪካ የንግድ መኪና ደንብ ውስጥ በቁጥር ተቀምጧል። ሹፌሩ በመጀመሪያዎቹ 50 ማይል ውስጥ፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ ቆሞ ጭነቱን ማየት አለበት። ከዚያ በኋላ በየ3 ሰዓቱ ወይም በየ150 ማይሉ፣ ቀድሞ በደረሰው። ትንሽ ተጎታች ለሚጎትት ሰው ይህ ግዴታ ላይሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ለትንሹም ለትልቁም አንድ ነው። እኔ እንዲያውም ከዚያም ቀድሜ ነው የምቆመው፣ ገና ከመንደር ስወጣ።

ስቆም ደግሞ በዓይን አላይም። ቀበቶውን በእጄ መታ መታ አደርገዋለሁ። የከረረው ይነዝራል፣ ድምፅ አለው። የላላው ዝም ይላል።

ሁለት ጎማ

በቃ፣ ልቤ ቆረጠ። ለሞተሩ አራት ባለ ሞላ፣ መዝጊያ ባለው መንጠቆ። ሁለቱን በቡሎን ከሻንሲው ጋር አስራቸዋለሁ፣ ሁለቱ ተንቀሳቃሽ ይሆናሉ። ለጄኔሬተሩ የጎማ ምንጣፍና 50 ሚሊ ሜትሩ። ጣውላው ከድሮው ራቼት ጋር ይቀጥል። የሚተርፈውን ቀበቶ ምን እንደማደርገው የሚነግረኝ ካለ ደግሞ አልጠላም።

ቡሎን 12

የቬልክሮ ቁራጭ። ጠቅልለህ ራሱ የከረረው ቀበቶ ላይ እሰረው። እጀታው ውስጥ አትሸጉጠው፣ እሱ ነው የሚፈታብህ። ነፋስ ላይ ለሚያጉረመርመው ሰፊ ቀበቶ ደግሞ ዕቃውን በማይነካው ክፍል ላይ አንድ ግማሽ ዙር ጠምዝዘው፣ ጸጥ ይላል።

አዲስ ገባ

ታጥቦ ደርቆ ሠራልኝ፣ ባሌስትራ ተባረክ። ውስጡ ሙሉ አሸዋ ነበር። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከርሮ እያለ ቁልፉን ስጫነው አይለቅም። ተበላሽቶ ነው?

ባሌስትራ

አልተበላሸም። ጭነት ይዞ እያለ ለምን ይልቀቅልህ? በመጀመሪያ ዕቃው ወዴት እንዳዘነበለ እይ፤ ቀበቶውን ተደግፎ ከሆነ አንተ ላይ ነው የሚመጣው። ከዚያ የእጀታውን ምላስ ሳብና እጀታውን ጠፍጣፋ እስኪተኛ ድረስ ሙሉ በሙሉ ክፈተው። ውጥረቱ ያኔ ይለቃል። ቁልፉ ከዚያ በኋላ ነው። ስትጫነው ደግሞ ቀበቶውን በሌላ እጅህ ያዝና ቀስ ብለህ አስገባው፤ ከለቀቅከው መንጠቆው እየተወናጨፈ ነው የሚገባው። ጓንት ካለህ አድርግ።